ውሃ የሌለው ጥሪ

ግንቦት 27

ፈረምን። ይድነቃቸው በራሱ ስልክ ፈረመ፣ እኔም በዚያው ስልክ ከእሱ ቀጥዬ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አንሸራትቼ የጻፍኩት ስም ጀዊሪያ አይልም፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ጌማችንን ሊያወጣልን ነው። ይድኔ ኮዱን የጻፈው፣ እኔ ሥዕሉንና ድምፁን የሠራሁት፣ ስንት ክረምት መብራት በሄደ ቁጥር ተጣልተን በመጣ ቁጥር የታረቅንበት ጌም። ቆቦ መናኸሪያው ፊት ለፊት ተቀምጠን ለስላሳ ጠጣን። ለስላሳው ሞቋል፣ ግን ማን አስተዋለ።

«ውሉን አነበብሽው ወይ?» አለኝ።

«አንተ አነበብከው አይደል?» አልኩት።

ሁለታችንም ሳቅን።

ሰኔ 3

እፀገነት የምትባል ሴት ከካምፓኒው የእኛ ተጠሪ ሆናለች። «ጌሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ» ብላኝ አልቻልኩም። እዚህ ልሞክር።

ስሙ «ደራሽ» ነው። ተጫዋቹ በደረቅ ወንዝ ዳር ማሽላ የዘራ ሰው ነው። ዝናቡ እሱ ዘንድ አይዘንብም፤ የሚዘንበው በስተምዕራብ፣ እሱ የማያየው ደጋ ላይ ነው። ጭቃና ጭራሮ ደርድሮ የጎርፍ መጥለፊያ ይሠራል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ነፋስ አለ። የግራር ጥላ ቦታውን ይለውጣል። የዞብል ተራራ ከሩቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ አይታይም። አንዳንድ ቀን ምንም አይመጣም። አንድ ቀን ደግሞ፣ መቼ እንደሆነ የሠራነው እኛም አናውቅም፣ ድምፅ ይሰማል፤ «ደራሽ! ደራሽ ነው! አካፋህን ያዝ!» ጎርፉ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ከጎረቤቶቹ ጋር ተራ ይዞ ወደ ማሽላው ይመራዋል። በቃ። ጠላት የለውም፣ ነጥብ የለውም።

ድምፁ የእናቴ ወንድም የአያ ረዲ ነው። ቆቦን አልፎ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ፣ እኛ ጎሊና ወንዝ ዳር በምንኖርበት፣ ገበሬው የውሃ አባት የሚለው እሳቸውን ነው። ጎርፍ ሲመጣ እሳቸው ይጣራሉ፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ከሠርግም ይነሳል፣ ከለቅሶም ይነሳል። ደራሽ ውሃ አይቆይም። መጥለፊያውን በአካፋ ካልደገፉት ጠርጎት ይሄዳል፣ ማሽላውም ዓይኑ እያየ ይደርቃል።

አምና በበጋ «አያ፣ እስቲ አንዴ ይጣሩልኝ፣ በስልክ ልቅዳው» ስላቸው ሳቁብኝ።

«አበት፣ ውሃ ሳይኖር?»

«ለጌም ነው እኮ።»

«እግሬ ውሃውን ሳይነካው አልጣራም። አባቴም አልተጣራም።»

ስለዚህ ክረምቱን ጠበቅኩ። ጎርፉ ሲመጣ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ፣ ስልኩን ከራሴ በላይ ይዤ ቀዳሁት። ከድምፁ በታች የውሃው ማጉረምረም አለ። ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ አልሠራሁትም።

ሰኔ 11

ቀትር ላይ ተኛሁ። በዚህ ሐሩር ቀትር ላይ የማይተኛ ወይ ባጃጅ ነጂ ነው ወይ ፍየል። ሕልም አየሁ። ጎርፉ ድምፅ ሳያሰማ በበሩ ገባ፤ እንደ ወንዙ ቀይ ነበር። ሥዕሎቼን ከግድግዳው አንድ በአንድ እያነሳ ይዟቸው ወጣ። አልተቆጨሁም። ቀለማቸው ውሃው ውስጥ ሲያበራ እያየሁ ቁጭ ብዬ ነበር። ስነቃ የሰሌኑ መስመር ጉንጬ ላይ ታትሟል።

ለእማዬ ስነግራት «ኸይር ነው፣ ውሃ ሪዝቅ ነው፣ ሲሳይ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ድምፅ አልነበረውም ነው ያልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሰኔ 19

እፀገነት ደወለች። ድምፅዋ ደስ ይላል፤ ሰው ስታናግር ትራስ እያስተካከለችለት ይመስላል። ጁጁ ትለኛለች። ጌሙን ሰዎች ላይ ሞክረውታል፣ ሥዕሉን ወደውታል። «ግን ጁጁዬ፣ ሰው ይጠብቃል ይጠብቃል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። መጠበቁን እናሳጥረው።»

መጠበቁ እኮ ነው ጌሙ፣ ልላት አሰብኩ። ያልኳት «እናያለን» ነው።

ይድኔ በአንድ ከሰዓት አሳጠረው። አሁን ነፋሱ ነፍሶ ሳይጨርስ ጎርፉ ይደርሳል። የዞብልን ሐምራዊ ለማምጣት ስንት ቀን ደክሜበት ነበር፤ አሁን ማንም አያየውም። ይሁን፣ ለእኔ አለልኝ።

ሰኔ 27

በችኮላ። መብራት ሊሄድ ነው። አዲስ ነገር መጣ፤ ማስታወቂያ ያየ ተጫዋች ጎርፉ ወዲያው ይመጣለታል። የሳሙና ማስታወቂያ፣ የውርርድ፣ እንደገና የሳሙና። እፀገነት «ያላየ ይጠብቅ፣ ማንም አልተገደደም» አለች። እውነቷን ነው። እኔም አልተገደድኩም።

ሐምሌ 2

«የጎረቤትህን ተራ ግዛ» የሚል ቁልፍ እንድሥል ታዘዝኩ።

እዚህ ተራ አይሸጥም። ገበሬ በሬውን ይሸጣል፣ መሬቱን ያከራያል፣ ሲብስበት የቤቱን ቆርቆሮ ያነሳል፤ የውሃ ተራውን ግን አይሸጥም። መጥለፊያው ላይ የዋለ ሁሉ ተራ አለው፤ ባል የሞተባትም ሳትወጣ ተራ አላት። ይህን ለእፀገነት አስረዳኋት።

«እንዴት ደስ የሚል ታሪክ ነው» አለች። «መግቢያው ላይ እንጻፈው።»

ይድኔን «እንቢ እንበል ወይ?» አልኩት። «እንቢ ካልን ጌሙን ገፋ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ማንም ሳያየው ይቀራል» አለ። እውነቱን ነው። ሁሉም ሰው እውነቱን ነው በዚህ ክረምት።

ቁልፉን ሣልኩት። ወርቃማ አድርጌ፣ ዙሪያውን የማሽላ እሸት አዙሬበት። ከሣልኳቸው ሁሉ አማረ፣ ይኸው ራሱ ያናድደኛል። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየች። «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አሉ» ብላ ወደ ፍየሎቿ ሄደች።

ሐምሌ 9

ሰው ጌሙን ሲረሳ ስልኩ እንዲጠራው ይፈልጋሉ። ምሽት ላይ፣ ለሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ፤ ሰው በዚያ ሰዓት ስልኩን እንደሚያነሳ ዳታው ይናገራል አሉ። ጥሪው በምን ድምፅ ይሁን ተባለ። ይድኔ የውሃ ጠብታ ድምፅ ይበቃል ባይ ነው።

እፀገነት ግን የሰውየውን ድምፅ ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ አለች። «ቢሮ ተቀምጬ አካፋ ፍለጋ ልነሳ ነበር እኮ፣ ጁጁ። ይኸን የቀዳ ሰው አርቲስት ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ስለ ሥራዬ ማንም ብሎኝ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። እየሄድኩ መሬቱ ከእግሬ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ።

ፋይሉ ተልኳል።

ሐምሌ 10

ድምፅ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው።

ሐምሌ 16

ወጣ። ቆቦ ውስጥ ስልኩ ላይ ያልጫነው የለም፤ የእኛ ልጅ የሠራችው እየተባለ። ባጃጅ ነጂዎቹ ተሳፋሪ ሲጠብቁ እሱን ነው የሚጫወቱት። ገበያ በለስ የምትሸጠው ሴትዮ አንድ እፍኝ ጨምራ ሰጠችኝ፣ እሾኩንም ራሷ ጠርጋ። እየበላሁ በሙቀቱ ውስጥ ወደ ቤት ስሄድ አስፋልቱ ላይ ውሃ የሚመስል ነገር ከፊቴ ከፊቴ ይሸሽ ነበር። ልደርስበት ነው የሚመስለኝ።

ለአያ ረዲ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አዩት። ድምፃቸው ሲመጣ ፈገግ አሉ።

«ውሃውስ የታል?»

አሳየኋቸው፣ ቀዩን፣ የሚያበራውን።

«እህ፣ ይሁን። ውሃ አለው» አሉ።

ስለ ሌላው፣ ስለ ምሽቱ ጥሪ፣ አልነገርኳቸውም። ኔትወርክ ስላልነበረ ነው፤ አሳይቼ ካልሆነ አይገባቸውም።

ሐምሌ 22

ልጻፈው።

ትናንት ፀሐይ ደጋው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ደጋው ጠቁሯል፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጎርፍ የሚጠበቅበት ዓይነት ምሽት። አያ ረዲ በራፋቸው ላይ ለሶላት ዉዱእ ያደርጋሉ። እኔና እማዬ ፍየሎቹን እያስገባን ነው።

ያኔ ተጣሩ። «ደራሽ! ደራሽ ነው! አካፋህን ያዝ!»

ከአንድ ቦታ አልነበረም። ከታችኛው ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ መንገድ ላይ ከቆሙት ባጃጆች፣ ከቤታችን ውስጥ ከራሴ ቦርሳ። አንድ ሰው አገሩን ሁሉ ሞልቶት የሚጣራ ይመስል ነበር። እንደ ሕልም ነው የሆነብኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ማማሩ ነው።

ሰው ወጣ። ጎረቤታችን አላምረው ጉርሻውን እንደጨበጠ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ወጡ። አያ ረዲም ማንቆርቆሪያውን ጥለው፣ ክንዳቸው እንደረጠበ አካፋቸውን አንስተው ሮጡ። ይኸ ነው የማይወጣልኝ። በራሳቸው ድምፅ ተጠርተው ከሁሉ ፊት ሮጡ።

ወንዙ ደረቅ ነበር። አሸዋው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይተፋል። ሰው ሁሉ መጥለፊያው ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየ፣ ጆሮውን ሰጠ። ምንም የለም። ከዚያ ሁሉም ወደ አያ ረዲ ዞረ።

«ማን ነው የተጣራ?» አለ አላምረው።

«እኔ» አሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ነካ አደረጉ። «እኔ አይደለሁም። ድምፁ የኔ ነው፣ እኔ ግን እየታጠብኩ ነበር።»

አንዷ ቢስሚላህ አለች፣ ጂን መስሏት። ያን ጊዜ ከመካከላችን ከአንዱ ኪስ ውስጥ፣ ኔትወርኩ ዘግይቶ የደረሰው ስልክ ተጣራ። ያው ድምፅ፣ ያው የውሃ ማጉረምረም ከበታቹ።

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ረዲ ስልኩን ብዙ ጊዜ አዩትና «ይኸ ውሃ የለውም» አሉ።

ሐምሌ 23

እዚህ ውሃ ሳያይ የተጣራ ሰው ዳግመኛ አይጣራም። ማንም አይቀጣውም፤ ሲጣራ የሚሰማው ያጣል እንጂ። አያ ረዲ ይህን ድምፅ ከአባታቸው ተቀብለው እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ አላበላሹትም።

ማሽላው እሸት ሊይዝ ነው። ውሃ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

ሐምሌ 25

እፀገነትን በስልክ አገኘኋት። ሁሉን ነገርኳት። አዘነች፤ እውነተኛ ሐዘን ነው፣ ውሸታም አይደለችም። «ግን ጁጁዬ፣ የክረምቱ ዘመቻ እስከ መስከረም ነው። ደግሞ ሰውን ወደ ጌሙ የሚመልሰው ከሁሉ በላይ ያ ድምፅ ነው።»

«ለቆቦና ለሮቢት ብቻ ይጥፋ።»

«ለአንድ ወረዳ ብሎ አይለይም።»

«ድምፁን መልሱልኝ።»

«ድምፁ በውሉ የካምፓኒው ነው። የላክሽልን አንቺ ነሽ እኮ» አለች፤ እንደ ነቀፌታ ሳይሆን፣ እንደሚያስታውስ ሰው።

ውሉን ያነበበው ይድኔ ነው። ይድኔ ግን ጠብታ ይበቃል ብሎ ነበር። ተልኳል ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ላክሁት። እኔ ነኝ የላክሁት፣ አርቲስት ተብዬ።

ሐምሌ 29

ቤት ለቤት እየዞርኩ ጌሙን ከሰው ስልክ ሳጠፋ ዋልኩ። «አንቺው ጫንሽው፣ አንቺው አውጪው» እያሉ ይሰጡኛል። ምሽት ላይ ከቆቦ ወደ ጎብዬ የሚያልፍ ሚኒባስ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ አያ ረዲ ከውስጡ እየተጣሩ አለፉ። ማንም ቀና አላለም። ወፍጮ ቤቱ ጋ አንድ ጎረምሳ «አያ ረዲ ካርድ ይሙላልኝ ነው የሚሉ» ብሎ አሳቃቸው።

ቀትር ላይ በሕልሜ አያ ረዲ ሊያናግሩኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። እሳቸውም ገርሟቸው ያዳምጡ ነበር።

ነሐሴ 6

መጣ። እውነተኛው። አያ ረዲ እግራቸውን ነከሩ፣ ተጣሩ።

እማዬ «ስልክ ነው?» አለችኝ።

እኔም ስልኬን አየሁ። መጀመሪያ ያየሁት ስልኬን ነው።

ነሐሴ 7

መጥለፊያው የለም። ወንዙ ላጭቶት ሄደ። እኛ ስንደርስ አያ ረዲ ብቻቸውን ወገባቸው ድረስ ቆመው፣ በአካፋ ጭቃ ሲያስደግፉ ውሃው በሁለት በኩል እያለፋቸው ነበር። ምሽቱ ቀይ ነበር፣ ውሃውም ቀይ፤ እኔ የሣልኩት ይመስላል። እኔ ስሥለው እሳቸውን ብቻቸውን አላደረግኋቸውም ነበር።

ዛሬ አላምረው መጣ። ውሃው መጥለፊያውን ጠርጎ ከቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ቆመ። በኋላ «ሰምቼ ነበር፣ አያ» አለ። «ሰምቼ እራቴን ጨረስኩ።» ይኸን ብሎ አለቀሰ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ። የእሱ ማሽላ ከመጥለፊያው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ውሃ ሳያገኝ ቀረ።

«ምን ታረግ፣ እኔም እራቴን እጨርስ ነበር» አሉት አያ ረዲ። ወደ እኔ አልዞሩም፣ ግን ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ከእንግዲህ አልጣራም።»

አያ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። «አውፍ ብያለሁ» አሉ ወዲያው፣ እንደ ቀላል ነገር። ይቅር ካሉኝ በኋላ ጎንበስ ብለው ጭቃ ማንሳት ቀጠሉ፣ እኔም አብሬያቸው አነሳሁ። ይቅርታው ድምፃቸውን አይመልስም። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

ነሐሴ 13

ይድኔ አዲስ አበባ ሄደ። ካምፓኒው ቀጠረው፤ የሚቀጥለውን «ደራሽ» የሚሠራው እሱ ነው። መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት። «ውስጥ ከሆንኩ ጥሪውን አስጠፋዋለሁ» አለኝ። ዓይኑ ግን አውቶቡሱ ላይ ነበር። አልተቀየምኩትም። እኔም እስኪጠሩኝ ስጠብቅ ነበርና።

ጠሩኝ። ከሰዓት እፀገነት ደወለች፤ ሌላ ጌም አስበዋል፣ ከእኔ ጋር ቢሆን ደስ ይላቸዋል። «እናንተ ጋ ሌላ ምን ድምፅ አለ፣ ጁጁ? የልጅ ማስተኛ? የለቅሶ?»

ብዙ ድምፅ አለ። እማዬ ፍየል ስትጠራ የምታሰማው አለ፣ ሌላ ፍየል የማይሰማው። መስጊድ ማዶ ያሉት ሴቶች ዱዓ ሲያደርጉ አሚን የሚሉት አለ። ገና ስትጠይቀኝ ሁሉንም በጆሮዬ ሰማኋቸው፣ የትኛው እንደሚያምርም ለየሁ። ይኸ ነው ያስፈራኝ።

«የለም» አልኳት። «እኛ ጋ ድምፅ የለም።»

ነሐሴ 20

ዛሬ ደጋው ከቀትር ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። መጥለፊያውን እንደገና ሠርተነዋል። እኔም ስንት ቀን ጭቃ ተሸክሜ እጄ ብሩሽ መያዝ አልቻለም። ከአያ ረዲ ጋር ወንዙ ውስጥ ቆምን። አሸዋው ለብ ይላል። ነፋስ ነፈሰ፣ የግራሩ ጥላ ተዘረጋ፣ ዞብል ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ሐምራዊ። ብዙ ጠበቅን፤ አንድም ጊዜ አልሰለቸኝም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የእርጥብ አፈር። ከዚያ አንድ ቀጭን ቀይ ምላስ አሸዋውን እየላሰ መጥቶ የአያ ረዲን እግር ነካ።

አፋቸው ተከፈተ። ደረታቸው ሲሞላ አየሁት። መልሰው ዘጉት።

«አንቺ በላይኛው ሰፈር፣ እኔ በታችኛው» አሉኝ። በየበሩ ልንሄድ ነው። ጎርፍ እግረኛን እንደማይጠብቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ጎረምሳ ነው የሮጡት።

እኔም ሮጥኩ። የመጀመሪያው በር የኡሙሰልማ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ታርሳለች። ተቀርቅሯል። በመዳፌ ደበደብኩት።

«ደራሽ ነው!»

ከውስጥ ዕቃ የማስቀመጥ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ድምፅዋ፣ በእርጋታ፤ «ስልክ ነሽ ወይስ ሰው?»

«ሰው ነኝ። ጀዊሪያ ነኝ።»

«የትኛዋ ጀዊሪያ?»

በዚህ ሰፈር ሌላ ጀዊሪያ የለችም። በእጇ ነው ያሳደገችኝ። ታውቃለች፤ ግን ከአፌ መስማት ፈለገች። ከኋላዬ ወንዙ ማጉረምረም ጀምሯል።

«የአያ ረዲን ድምፅ የሸጠችው» አልኳት።

መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ። ኡሙሰልማ አካፋዋን ይዛ ወጣች፣ ፊቴን ሳታይ አጠገቤ አልፋ ወደ ወንዙ ሮጠች። እኔ ወደሚቀጥለው በር ሄድኩ። እዚያም ያንኑ ጠየቁኝ፣ ያንኑ መለስኩ፣ በሩም ተከፈተ።